ለበዓል የሚሆን ዜማ እንዴት እንምረጥ?



ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ ወዲህ ብዙ ነገር ተቃልሏል። በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተጻፈውን ታነባላችሁ። የግብር ደረሰኛችሁን ራሳችሁ ትመረምራላችሁ። ለልጃችሁ የታዘዘው መድኃኒት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚዋጥ ለማወቅ ጎረቤት መለመን ቀርቷል። ዛሬ ደግሞ ስለ ሌላ ዓይነት ጽሕፈት እንማራለን። እሱም የዜማ ጽሕፈት ነው።

«ዜማ ደግሞ ይጻፋል እንዴ?» ትሉን ይሆናል። አዎን፣ ይጻፋል። ቃል በፊደል እንደሚጻፍ ሁሉ ዜማም በራሱ ምልክት ይጻፋል። በዛሬው አነጋገር ይህ ጽሕፈት ኖታ ይባላል። ኖታውን ማንበብ የሚችል ሰው፣ ሰምቶት የማያውቀውን መዝሙር ከወረቀት ላይ አንብቦ ሊያዜመው ይችላል።

ይህ ነገር ለእኛ ምን ይጠቅመናል? በዓል ሲቃረብ በየሰፈሩ የሚሆነውን እናስብ። መዘምራን ይሰበሰባሉ። «ዘንድሮ የትኛውን እንዘምር?» ይባላል። አንዱ በሬዲዮ የሰማውን ያነሣል። ሌላው ከከተማ የመጣ ዘመዱ በስልክ ያሰማውን ያነሣል። ክርክሩ ይረዝማል፤ በመጨረሻም ድምፁ የጎላው ሰው ያሸንፋል። በዓሉ ሲደርስ ግን ዜማው ከልክ በላይ ከፍ ይልና ሴቶቹ ይጮኻሉ፣ ወንዶቹ ዝም ይላሉ፤ ቃሉም ግማሹ ይረሳል።

በዚያው ሰፈር የጥንቱን ያማረ ዜማ የሚያውቁ አንዲት አሮጊት እናት እቤታቸው ተቀምጠዋል። መጥቶ የጠየቃቸው ሰው የለም። እሳቸው ያረፉ ዕለት ዜማውም አብሯቸው ይቀበራል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ይህን ለመሰለው ነገር ነው።

ስለዚህ ከዚህ ትምህርት ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ ዜማ የሚመረጠው ለሚዘምሩት ሰዎች አቅምና ለሚዘመርበት ወቅት ተስማሚ መሆኑ ታይቶ ነው። ሁለተኛ፣ የተመረጠው መልካም ዜማ ተጽፎ ይቀመጣል።

በሀዋሳ የሚሰማው ዜማ

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። በከተማዋ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ይነገራሉ። ቋንቋው ብዙ እንደ ሆነ ዜማውም ብዙ ነው።

ታኅሣሥ 19 ቀን ወይም ሐምሌ 19 ቀን ሀዋሳ የዋለ ሰው፣ በሐይቁ አቅራቢያ ባለው በቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን የሚቆመውን ማኅሌት ይሰማል። እዚያ ካህናቱና ደብተራዎቹ በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ያሸበሽባሉ። እሑድ ጧት በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አጠገብ ያለፈ ሰው ደግሞ የመዘምራን ቡድን በሙዚቃ መሣሪያ ታጅቦ ሲዘምር ያዳምጣል። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጫምባላላ ሲደርስ፣ በሐይቁ ዳር በጉዱማሌ አደባባይ ሽማግሌውም ወጣቱም ቄጣላ እያለ ይጨፍራል። የፊቼን ቀን የሚቆርጡት ከዋክብትን የሚመለከቱት አያንቶዎች ናቸው። ይህ በዓል በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

እነዚህ ሁሉ የወቅት ዜማዎች ናቸው። ሁሉም የራሳቸው ቀን፣ የራሳቸው ቦታና የራሳቸው ባለቤት አላቸው። ዜማ መርጦ መዘመር እንግዲህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዜማን መጻፍ ለአገራችን አዲስ አይደለም

አንዳንድ ሰው ዜማን መጻፍ ከውጭ አገር ብቻ የመጣ ነገር ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም።

በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ የቤተ ክርስቲያን ዜማ አባት ይባላል። ዜማው በሦስት ይከፈላል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይባላሉ። ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ለዜማው ምልክት እንዳበጁለት ይነገራል። ምልክቶቹ ከቃሉ በላይ በትናንሹ ይጻፋሉ። ዋናዎቹ 8 ናቸው። እነሱም፦

ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ናቸው።

ስማቸውን ብቻ ብታዩት ሥራቸውን ይነግራችኋል። ቁርጥ ባለበት ድምፅ ይቆረጣል። ርክርክ ባለበት ድምፅ ይርገበገባል። ደረት ባለበት ድምፅ ከደረት ይወጣል። ከእነዚህ ሌላ ከታወቁ ዜማዎች ላይ የተወሰዱ አንዳንድ ፊደላትም አሉ። ዘማሪው ፊደሉን ሲያይ «ይህ እንደዚያኛው ይዜማል» ብሎ ያስታውሳል።

በአውሮፓ ደግሞ ጉይዶ የተባለ ጣሊያናዊ መነኩሴ በ11ኛው መቶ ዓመት ዜማን በመስመሮች ላይ የመጻፍን ዘዴ አሻሻለ። ከመስመሩ ከፍ ብሎ የተጻፈው ነጥብ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ብሎ የተጻፈው ዝቅ ይላል። ቀድሞ 10 ዓመት የለፋ ዘማሪ እንኳን አዲስ ዜማ በራሱ ማውጣት ይቸግረው ነበር። በዚህ ዘዴ ግን በ1 ወይም ቢበዛ በ2 ዓመት ጥሩ ዘማሪ ማውጣት እንደሚቻል ጉይዶ ጽፏል። ዛሬ በዓለም የተሠራጨው ኖታ ከዚህ የመጣ ነው። መስመሮቹ አሁን 5 ናቸው። ድምፆቹ 7 ሲሆኑ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ይባላሉ።

ይህ ባለመስመር ኖታ በአገራችን በሰፊው የታወቀው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው የነሐስ ሙዚቃ ቡድን ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊንም መሰንቆም ያስተምራል። የቅዱስ ያሬድን ስም የያዘ ትምህርት ቤት ሁለቱን ጎን ለጎን ማስተማሩ ልብ ሊባል ይገባል።

ቫዮሊን የመሰንቆ ዘመድ ነው

ቫዮሊንን ያላየ ሰው መሰንቆን ያስብ። መሰንቆ በቆዳ የተለበጠ ሣጥን አለው። ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር አለው። በደጋን ሲገዘገዝ ይጮኻል። ቫዮሊንም በደጋን ነው የሚገዘገዘው፤ የደጋኑም ጠጉር የፈረስ ጭራ ነው። ሣጥኑ ግን ከእንጨት ብቻ የተሠራ ነው፤ ክሮቹም 4 ናቸው። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብለው ይቃኛሉ። ተጫዋቹ መሣሪያውን በትከሻና በአገጭ መሀል ይይዘዋል።

ሁለቱም መሣሪያዎች ጣት የሚያርፍበት ቦታ ተሸንሽኖ አልተለየባቸውም። ጣትን የሚመራው ጆሮ ነው። ስለዚህ ቫዮሊን ልክ እንደ መሰንቆ ድምፅን ማንሸራተትና ማለዘብ ይችላል። ለሰው ድምፅ የቀረበ መሣሪያ የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ግን ይህ ጥቅሙ ጉዳትም አለው። ያልሠለጠነ እጅ ከያዘው ዜማውን ያበላሻል። መዘምራኑም ቫዮሊኑን ተከትለው ይስታሉ።

ስንመርጥ የምንጠይቃቸው 5 ጥያቄዎች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። መዝሙር የተጻፈበት ወረቀት በእጃችን ገብቷል እንበል። ለቫዮሊንና ለመዘምራን የተጻፈ ነው። ይሆነናል ወይስ አይሆነንም? ከመወሰናችን በፊት 5 ጥያቄዎች እንጠይቅ።

1ኛ. ወቅቱ ምንድን ነው?

ገበሬ በቆሎን በመስከረም አይዘራም። ዜማም እንዲሁ ወቅት አለው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የድጓው መጽሐፍ የየወቅቱን ዜማ ለይቶ ያስቀምጣል። ለምሳሌ ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው። ቁጠሩት፤ ከመስከረም 5 ቀን፣ ከጥቅምት 30 ቀን፣ ከኅዳር 5 ቀን፣ በድምሩ 40 ቀን ይሆናል። በእነዚህ 40 ቀናት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲገባ ደግሞ ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ይዜማል። ቀኑ ራሱ ዜማውን ይመርጣል ማለት ነው።

ከውጭ አገር የመጣ ኖታ ስንመርጥ በዚህ ነገር እንጠንቀቅ። በአውሮፓ ገና የሚከበረው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ በብዙ አገራቸው ብርድና በረዶ ነው። ስለዚህ አንዳንዶቹ የገና መዝሙሮቻቸው ስለ በረዶና ስለ ጥድ ዛፍ ይናገራሉ። በእኛ አገር ግን ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ እህል በአውድማ ላይ ነው፤ ቡናም ተለቅሞ ይሰጣል። በረዶ የሚያነሣውን መዝሙር ብንዘምር ሕፃናቱ «ምን ማለት ነው?» ይሉናል። ዜማው ጥሩ ከሆነ ዜማውን ወስደን፣ ቃሉን ከአገራችን ወቅት ጋር የሚስማማ ብናደርገው ይሻላል።

2ኛ. ቦታውና ሥርዓቱ ይፈቅዳል?

ሁሉም ዜማ በሁሉም ቦታ አይዘመርም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ማኅሌት ቫዮሊን አይገባም። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የመዘምራን ቡድን ግን ቫዮሊን ሊያጅብ ይችላል። የእስልምና መንዙማም የራሱ ሥርዓት አለው። የፊቼ ቄጣላም የሽማግሌዎቹን ወግ ይከተላል። ስለዚህ ከመምረጣችን በፊት የቦታውን አባቶች እንጠይቅ። ሰው ቤት ስንገባ «ቤቶች!» እንደምንለው ማለት ነው። ጥያቄው የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሳይጠይቁ የመጣ ጠብ ግን ዓመት ሙሉ ይቆያል።

3ኛ. የሚዘምሩት እነማን ናቸው?

ጫማ የሚገዛው በእግር ልክ ነው። ዜማም በድምፅ ልክ ይመረጣል። ብዙ የታተሙ የመዘምራን ኖታዎች ለ4 ዓይነት ድምፅ የተጻፉ ናቸው። ሶፕራኖ ከፍተኛው የሴት ድምፅ ነው። አልቶ ዝቅተኛው የሴት ድምፅ ነው። ቴነር ከፍተኛው የወንድ ድምፅ ነው። ባስ ዝቅተኛው የወንድ ድምፅ ነው። አሁን በእኛ ሰፈር 10 ሴቶችና 2 ወንዶች ቢኖሩ ለ4 ድምፅ የተጻፈውን መምረጥ ከንቱ ድካም ነው። ለ1 ወይም ለ2 ድምፅ የተጻፈ ይሻላል። ደግሞም በአገራችን አንዱ ሲያወጣ ሌላው የሚቀበልበት ወግ አለ። ይህ በጣም ጠቃሚ ነው። አንድ ጥሩ አውጪ ካለን ሌሎቹ መቀበያውን ብቻ በደንብ ቢያጠኑ ይበቃል።

የድምፅ ልክ የሚለካው እንዲህ ነው። በኖታው ላይ ከሁሉ ከፍ ብሎ የተጻፈውን ድምፅና ከሁሉ ዝቅ ብሎ የተጻፈውን ድምፅ ፈልጉ። ቫዮሊን ተጫዋቹ ሁለቱን ያሰማ። መዘምራኑ ሁሉ ያውጧቸው። ከላይኛው ላይ አንገታቸው ከተገተረ ዜማው ይውረድ። ከታችኛው ላይ ድምፃቸው ከጠፋ ዜማው ከፍ ይበል። ዜማው ይውረድ እንጂ ዘማሪው አይጩህ።

ቫዮሊኑም ልክ አለው። ወፍራሙ ክሩ ሶል ነው፤ ከዚያ በታች መውረድ አይችልም። የወንዶች ድምፅ ግን ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ቫዮሊን የሚያጅበው በሴቶቹ ድምፅ ቁመት ነው። ወንዶቹ ያንኑ ዜማ ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። ባልና ሚስት አንድ መዝሙር አብረው ሲዘምሩ እንደሚሆነው ነው።

ተጫዋቹ ጀማሪ ከሆነ በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያሉትን ምልክቶች ቁጠሩ። ድምፅን ከፍ የሚያደርገው ምልክት ሻርፕ፣ ዝቅ የሚያደርገው ቤሞል ይባላል። 1 ወይም 2 ሻርፕ ያለበት ኖታ ለቫዮሊን ጀማሪ ይቀላል። 4 ወይም 5 ቤሞል ያለበት ይከብዳል።

4ኛ. ቃሉና ዜማው ይስማማሉ?

ይህን ጥያቄ ከእናንተ የተሻለ የሚመልስ የለም። ፊደል ስትማሩ አንድ ነገር አስተውላችኋል። ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን ለይቶ አያሳይም። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ሲላላ ግን «ቆይ፣ አልደረሰም» ማለት ነው። «አለ» ሲጠብቅ «ይኖራል» ማለት ነው። ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው።

እንግዲህ «ጌታ አለ» የሚል ቃል በዜማ ላይ ተቀምጧል እንበል። ዜማው «ለ»ን ካላጠበቀው፣ «ጌታ ይኖራል» ልንል ፈልገን «ጌታ ተናገረ» ያልን ይመስላል። ሰሚው «ምን አለ?» ብሎ ይጠብቃል። ከእንግሊዝኛ ወይም ከጀርመንኛ ተተርጉመው በቀድሞው ዜማ ላይ በተለጠፉ መዝሙሮች ይህ ስሕተት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ መዝሙሩን መጀመሪያ ያለ ዜማ አንብቡት። ቀጥሎ በዜማ በሉት። ትርጉሙ ከተለወጠ ወይ ቃሉ ይቀየር፣ ወይ ሌላ መዝሙር ይመረጥ። በሲዳምኛም ቢሆን እንዲሁ አድርጉ፤ በሲዳምኛም ማጥበቅና ማላላት ትርጉም ይለውጣል።

ቅኝቱም ይታይ። የአገራችን ሰው ጆሮ 5 ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶች ለምዷል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የታወቁት ቅኝቶች ናቸው። ለምሳሌ አንዱ የትዝታ ዓይነት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉትም። ሰባቱንም ድምፅ የሚጠቀም የውጭ መዝሙር ስናስጠና ፋ እና ሲ ባሉበት ቦታ ዘማሪዎች ቢሳሳቱ አይገርምም። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የጆሮ ልማድ ነው። እንግዲያው ጊዜው አጭር ከሆነ ለጆሮአችን የቀረበውን እንምረጥ።

5ኛ. ለመለማመድ ስንት ቀን አለን?

መዝሙሩ ለገና ነው እንበል። ከኅዳር 1 ጀምሮ በሳምንት አንድ ማታ ብንገናኝ እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ 8 ሳምንት፣ 8 ማታ ይሆናል። ነገር ግን በሲዳማ ቡና በብዛት የሚለቀመው በእነዚሁ ወራት ነው። ቀን ሲለቅም የዋለ ሰው ማታ ይደክመዋል። ግማሹን ማታ ሰው ባይመጣ የሚቀረን 4 ማታ ብቻ ነው። በ4 ማታ ባለ 4 ድምፅ ረዥም መዝሙር አይጠናም። አጭርና መቀበያው ቀላል የሆነ ግን በደንብ ይጠናል።

ሁለት ምሳሌዎች

የመጀመሪያው ምሳሌ ከኦስትሪያ ነው። በ1818 እ.ኤ.አ. ኦበርንዶርፍ በምትባል ትንሽ ከተማ ዮሴፍ ሞር የሚባል ቄስ ነበር። ለገና የሚሆን ግጥም ነበረው። በአቅራቢያው መንደር ያስተምር የነበረውን ፍራንስ ግሩበርን «ለሁለት ሰውና ለመዘምራን ዜማ አብጅልኝ፤ በጊታር እናጅበው» አለው። ግሩበር አበጀ። በዋዜማው ሁለቱ ሰዎች ቆመው ዘመሩት። ዛሬ ያ መዝሙር በዓለም ዙሪያ በብዙ ቋንቋ ይዘመራል። በጀርመንኛ «ሽቲለ ናኽት» ይባላል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛ፣ እነዚያ ሰዎች በእጃቸው ባለው ነገር ሠሩ። ሁለት ድምፅና አንድ ጊታር ነበራቸው፤ ለዚያው የሚሆን ዜማ አበጁ። ሁለተኛ፣ መዝሙሩ ከአገር አገር ሲዞር የደራሲዎቹ ስም ጠፋ። አንዳንዱ ትልልቅ የሙዚቃ ሰዎች የደረሱት መሰለው። ግሩበር በ1854 እ.ኤ.አ. እንዴት እንደ ተደረሰ ጽፎ ማስረዳት ግድ ሆነበት። ሞር በእጁ የጻፈው፣ ዜማው የግሩበር መሆኑን የሚናገረው ወረቀት የተገኘው ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ስም ያልተጻፈበት ዜማ እንዲህ ነው፤ ማርያ እንደሌላት ላም ባለቤቱ አይታወቅም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአገራችን ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተወለዱ። በ6 ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በኋላም በካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች፣ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር፣ ተማሩ። ከዚያ ግን ዓለምን ትተው መነኮሱ፤ በወሎ በግሸን ማርያም 10 ዓመት ያህል ኖሩ። በጎንደር ሳሉ የያሬድን ዜማ የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች ደጅ እያደሩና እየለመኑ ሲማሩ አዩ። በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን አሳተሙ፤ ገቢውንም ለችግረኞች አዋሉት።

እማሆይ ድርሰቶቻቸውን በኖታ ይጽፉ ነበር። በኢየሩሳሌም ገዳም በሚኖሩበት ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ የእጅ ጽሑፍ ገጾች በከረጢት ተቀምጠው ኖረዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ከእነዚያ ገጾች የተመረጡት በመጽሐፍ ታተሙ። እማሆይ በ2023 እ.ኤ.አ. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ዜማቸው ግን አብሯቸው አልተቀበረም። በሩቅ አገር ያለ፣ አማርኛ የማይሰማ ሰው እንኳን ወረቀቱን ከፍቶ ይጫወተዋል። ተጽፏልና።

የመረጥነውን እንጻፍ

አሁን እነዚያን በመጀመሪያ ያነሣናቸውን አሮጊት እናት እናስታውስ። የእሳቸውስ ዜማ? በእያንዳንዳችሁ መንደር እንዲህ ያሉ ሰው አይታጡም። ኖታ አናውቅም ብላችሁ እጃችሁን አትጠፉ። የሚከተለውን ማድረግ ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ ቃሉን በደብተር ጻፉ። ይህን አሁን ትችላላችሁ። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ አድርጉበት።

ሁለተኛ፣ በቃሉ ራስጌ አራት ነገር ጻፉ። ዜማውን የሰጡት ሰው ስም፣ እሳቸው ከማን እንደ ተማሩት፣ የሚዘመርበት ወቅት፣ የተጻፈበት ቀንና ዓመተ ምሕረት።

ሦስተኛ፣ ከሚቀበለው ሕዝብና ከሚያወጣው ሰው የማን እንደ ሆነ ለዩ። ለአውጪው «አ»፣ ለተቀባዩ «ተ» ብላችሁ በኅዳጉ ላይ ጻፉ።

አራተኛ፣ ድምፁን በስልክ ቅዱ። ግን በስልክ ብቻ አትመኑ። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ይሸጣል። ስለዚህ ኖታ የሚያውቅ ሰው ስታገኙ የቀዳችሁትን አሰሙትና በኖታ ያውጣላችሁ። በሀዋሳ ባሉት የመዘምራን ቡድኖች ኖታ የሚያነቡ ወጣቶችን ጠይቁ። በኖታ የወጣውን መልሳችሁ ለእናቲቱ አሰሙ። «ይኸው ነው» ካሉ ትክክል ነው። «አይደለም፣ እዚህ ላይ ተሳስታችኋል» ካሉ ይታረም። እሳቸው ሳያረጋግጡ ማንም «ተጻፈ» አይበል።

አምስተኛ፣ ሁለት ቅጂ አድርጉ። አንዱ በመዘምራኑ ዘንድ ይቀመጥ። ሌላው በዜማው ባለቤት ቤት ይቀመጥ።

እኛ ለማስተማር የመጣን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፊደሉንና ምልክቱን እናሳያለን። ዜማውን የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። በዚህ ትምህርት መምህሮቹ እናንተ፣ ጸሐፊዎቹ እኛ እንሆናለን። በሚቀጥለው የትምህርት ማታ እያንዳንዳችሁ ከመንደራችሁ አንድ የበዓል ዜማ ቃል ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። ባለ ዜማዋ እናት እግራቸው ከቻለላቸው አብረዋችሁ ይምጡ። ካልቻለላቸው እኛ ደብተራችንን ይዘን እሳቸው ዘንድ እንሄዳለን።

ጥያቄዎች

1. ዜማ ስንመርጥ የምንጠይቃቸው 5 ጥያቄዎች የትኞቹ ናቸው?

2. ዘመነ ጽጌ ስንት ቀን ነው? ደምራችሁ አሳዩ።

3. መሰንቆና ቫዮሊን በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?

4. «አለ» የሚለው ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ምንድን ነው? በሁለቱም ዓረፍተ ነገር ሥሩ። በራሳችሁም ቋንቋ እንዲህ ያለ ቃል ፈልጉ።

5. በመንደራችሁ ሊጠፋ የተቃረበ የበዓል ዜማ የትኛው ነው? ማን ያውቀዋል? ስማቸውን በደብተራችሁ ጻፉ።